ቆማ ያደረች መኪና 7 ኪሎ ሜትር ሄደች?

አንበሳሜ ላይ እህል ጭኖ ለነገ የሚያድር አንድ አይሱዙ እንበል። ሹፌሩ ማታ 1 ሰዓት ላይ ግቢ አስገብቶ ሞተር አጠፋ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ተኛ። ጠዋት ባሕር ዳር ያለው ባለንብረት ስልኩን ሲከፍት መኪናዋ ሌሊቱን 7 ኪሎ ሜትር እንደሄደች ያነባል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጭቅጭቅ የታወቀ ነው። ናፍጣ ሸጠሃል፣ በሌሊት ጭነህበታል፣ ከደመወዝህ ይቆረጣል።

ሂሳቡን እንየው። መሣሪያው በየ30 ሰከንዱ ቦታውን ከላከ በ12 ሰዓት 1,440 ነጥብ ይልካል። እያንዳንዱ ነጥብ ካለፈው በ5 ሜትር ብቻ ቢለያይ ድምሩ 7.2 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

5 ሜትር ደግሞ ለጂፒኤስ ነውር አይደለም። ሳተላይቶቹ ያሉት 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ርቀት የሚለካው ሞገዱ በፈጀው ጊዜ ስለሆነ፣ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት 300 ሜትር ያሳስታል። ሞገዱ የግቢውን ቆርቆሮ መትቶ ሲመጣ መንገዱ ይረዝማል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍም፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት የላይኛው አየር ሞገዱን የሚያውክባቸው ምሽቶች አሉ። መኪና የሚቆመውም ያኔ ነው!

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ስንፍና ነው ያስወደደው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ቁልፍ መዞሩን የሚያውቁበት ሽቦ አላቸው። ገጣሚው የባትሪውን ሁለት ሽቦ ብቻ አስሮ ከሄደ መሣሪያው ሞተር መጥፋቱን በምን ይወቅ? ሽቦው ሲታሰር፣ ሞተር እንደጠፋ የመጨረሻውን ነጥብ ይዞ እንዲቆይ ማዘዝ ይቻላል። በዚህ ብቻ ግን አይታመንም፤ ሌባ ሞተር ሳያስነሳ ጎትቶ ሊወስዳት ይችላል። ስለዚህ ውስጡ ያለው የንቅናቄ መለኪያ ሲነቃነቅ፣ ወይም ተከታታይ ነጥቦች ከ100 ሜትር በላይ ሲርቁ እንዲነቃ ይደረግ።

ባለንብረቱም የኪሎ ሜትር ድምር ብቻ አንብቦ አይፍረድ። ቆማ የምትዋልል መኪና ካርታው ላይ የተተበተበ ልቃቂት ትመስላለች፤ የሄደች መኪና መንገድ ተከትላ መስመር ትሠራለች። ደመወዝ ከመቁረጡ በፊት ካርታውን ለሹፌሩ ያሳየው። መስመሩ ከግቢው ወጥቶ ሌላ ቦታ ደርሶ ከተመለሰ ያኔ ይጠይቀው።