ሽበታችን የበረራ ፈቃድ አይደለም

ወንድሞቼ፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ሃንጋር ውስጥ እጃችሁ ግራሶ የነካ፣ ዛሬ በዳላስ፣ በቨርጂኒያና በለንደን ተበትናችሁ የጡረታ ዘመናችሁን የምትገፉ ሁሉ፤ ይህ ቃል ለእናንተ ነው። ወጣቶቹ ሲያጠፉ የሚቆጣቸው አያጡም። እኛን ግን የሚቆጣን ሰው ጠፍቷል፤ እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

ፀሐይ ወጣ ባለ ቁጥር ቅዳሜና እሁድ እየተጠራራን ወደ አየር ትርኢት እንሄዳለን። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊዎች በረድፍ ቆመው ይጠብቁናል። ስፒትፋየር ከ20,000 በላይ ተሠርቶ ዛሬ የሚበረው መቶ አይሞላም። ሙስታንግም ከ15,000 በላይ ተሠርቶ ከዘመን የተረፈው ጥቂት ነው። የመርሊን ሞተራቸው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ዐይናችን ዕንባ ያቀርራል፤ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ታላላቆቻችን ከካናዳ የተገዛውን ፋየርፍላይና ከስዊድን የመጣውን ሳብ 17 ሲጠግኑ ኖረዋል፤ በእኛ ዘመን ደግሞ ኤፍ 86 ሴበር ነበር። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ፕሮፔለር ሲዞር ልቡ ቢሸፍት አይፈረድበትም።

ትርኢቱ ላይ ግን እንግዳ ብቻ ሆነን አንቆምም። አንዳንዶቻችን በበጎ ፈቃድ እናገለግላለን። ሻለቃ፣ ካፒቴን፣ ቺፍ እየተባልን እንጠራለን፤ ፈረንጁ ሳይቀር ሽበታችንን አይቶ ወንበር ይለቅልናል። ከዚያ አንድ ወጣት መካኒክ ከክንፉ ሥር ጎንበስ ብሎ አንዲት ነገር ሲጠራጠር፣ እኛ ከኋላው ቆመን «ምንም አይሆንም ልጄ፤ ይሄ እኮ ጥይት እንዲችል የተሠራ ነው» እንላለን። ልጁም «እሺ ጋሼ» ብሎ ይነሣል። እኔን የሚያስፈራኝ ያ «እሺ» ነው።

የማስፈራራ እንዳይመስላችሁ፣ በምርመራ የተረጋገጠውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2019 ናይን ኦ ናይን የተባለች ቢ 17 ቦምብ ጣይ 13 ሰዎች አሳፍራ በአሜሪካ ኮነቲከት ከሚገኘው ብራድሊ አየር ማረፊያ ተነሣች። ከተሳፋሪዎቹ 10ሩ በዚያች ታሪካዊ አውሮፕላን አንድ ጊዜ ልብረር ብለው የመጡ ናቸው። ብዙም ሳትርቅ አንዱ ሞተር አስቸገረ። ልትመለስ ስትል ከማኮብኮቢያው ቀድማ መሬት መታች፤ 7 ሰዎች ሞቱ። አብራሪው 75 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ ከ7,000 ሰዓት በላይ በርሯል። የጥገናው ኃላፊም እሱው ነበር። ልብ በሉልኝ፤ የሚያበረው እሱ፣ «ደህና ናት» ብሎ የሚመሰክረውም እሱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ በቀኝ ክንፍ ያሉት ሁለቱም ሞተሮች ችግር ነበረባቸው፤ ጥገናው የጎደለ ነበር፤ የደኅንነት ቁጥጥር የተባለውም ሥራውን አልሠራም።

ይህ ሰው ሰነፍ አልነበረም። ዕድሜውን ለዚያች አውሮፕላን የሰጠ፣ ከእሱ የተሻለ የሚያውቃት ሰው የማይገኝ ባለሙያ ነበር። ታዲያ ማን ደፍሮ ይጠይቀው? የሃያ አምስት ዓመቱ ልጅ? ወንድሞቼ፣ የሰውዬው ዕውቀት አላነሰም፤ ዕውቀቱ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ዝም አሰኝቷቸዋል ብዬ አምናለሁ። እኛ ደግሞ ታላቅን ዝም ብሎ መስማት ጨዋነት ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። ይህ ጠባይ ለሰርግ ቤትና ለዕርቅ ማዕድ መልካም ነው፤ ሃንጋር ውስጥ ግን ሰው ይገድላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የሬኖው አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 2011 በኔቫዳ የአውሮፕላን እሽቅድምድም ቀን ነበር። ለፍጥነት ሲባል ብዙ ነገሩ የተለወጠ አንድ ሙስታንግ፣ በ74 ዓመት አብራሪ እጅ እያለ፣ በድንገት ወደ ላይ ተወረወረና ተገልብጦ ተመልካቹ መካከል ወደቀ። አብራሪውና 10 ተመልካቾች ሞቱ፤ ከ60 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። ምክንያቱ ሲፈለግ ምን ተገኘ? ዳዶ። በጭራው ላይ ያለችውን ትንሿን ሚዛን ማስተካከያ፣ ትሪም ታብን የሚያስሩት፣ ራሳቸውን የሚቆልፉ ዳዶዎች አርጅተው ነበር። ይህን ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ቢሆንም ልበለው። የዚህ ዓይነት ዳዶ ጉልበቱ ያለው ብሎኑን አንቆ በሚይዘው የውስጥ ቀለበቱ ነው። ቀለበቱ ካረጀ፣ ወይም አንዴ ከተፈታ በኋላ ያው ዳዶ ተመልሶ ከታሰረ፣ ማነቁን ይተዋል። ብሎኑ ላላ፤ ታቧ በዚያ ፍጥነት መርገብገብ ጀመረች፤ ተሰበረች። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሲሰቅል በአብራሪው ላይ ከክብደቱ ከ17 እጥፍ የሚበልጥ ጫና መጥቶበት ራሱን ሳተ። ለውድድሩ የተደረጉት ለውጦችም በወግ ያልተመዘገቡና በበረራ ያልተፈተሹ ነበሩ። የዚያ ዳዶ ዋጋ ከመግቢያ ትኬቱ ያንሳል።

ከመካከላችን «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል እንደ ጸሎት የሚደጋግሙ አሉ። ስፒትፋየር የሚያድሱት እንግሊዞች አሮጌውን የማግኒዚየም ሪቬት ነቅለው ሲጥሉና ክንፉን በአዲስ ላሜራ ሲያለብሱ አይታችሁ «ይህማ ስሙ ብቻ ነው የቀረው፣ አዲስ አውሮፕላን ነው» ብላችሁ ስታፌዙ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ ከረግረግ የወጣ ጥቂት ስብርባሪና አንድ የመለያ ሰሌዳ ይዘው ቀሪውን ከዜሮ የሚሠሩ አሉ። ይሥሩ! እነዚህን ተዋጊዎች የነደፋቸው ሰው ጦርነቱ እስኪያልቅ ይቆዩልኝ አለ እንጂ ሰማንያ ዓመት ይበራሉ ብሎ አላሰበም። ማግኒዚየም ዝገት ይበላዋል፤ አሉሚኒየም ሲደክም ስንጥቁ ከቀለሙ ሥር ተደብቆ ይሄዳል። ኦሪጅናሉን የወደደ ሙዚየም ሄዶ ይየው። የሚበር ከሆነ አዲስ ብረት ይሁን።

ዳላስ ያላችሁት የእ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2022ቱን አደጋ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቴክሳስ ሬይደርስ የተባለችው ቢ 17 ቀጥ ብላ ስትበር ፒ 63 ኪንግኮብራ የተባለ ተዋጊ ተጠምዝዞ መጥቶ ከኋላዋ ቆረጣት። በሁለቱ የነበሩት 6 ሰዎች በሙሉ ሞቱ።  እዚህ ላይ ግን የጠፋው ዳዶ ወይም ሞተር አልነበረም። ተዋጊዎቹና ቦምብ ጣዮቹ በከፍታ የሚለያዩበት አስቀድሞ የተነገረ ዕቅድ አልነበረም። ኤር ቦስ የሚባለው የትርኢቱ አዛዥ በሬዲዮ እዚያው በበረራ ላይ ቦታ ያለዋውጣቸው ነበር፤ እንዳይጋጩ ተያይተው እንዲተላለፉ ለዐይናቸው ተተወ። በጠባብ ኮክፒት ውስጥ ተቀምጦ፣ እየተጠመዘዙ፣ ከፊት ያለውን መሪ እየተከተሉ፣ ሌላ አውሮፕላን ማየት ምን ማለት እንደሆነ የበረራችሁት ታውቃላችሁ። ሰዎቹ ጀማሪዎች አልነበሩም። «እንተዋወቃለን፣ ለምደነዋል» የሚለው መተማመን የዕቅዱን ቦታ ይዞ ነበር። መሬት ላይ ማንም አለመሞቱ የእግዜር ቸርነት ነው።

እንግሊዝ አገር በሾርሃም የአየር ትርኢት ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 ግን መሬት ላይ ያሉት አልተረፉም። ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ አንድ ሃንተር ጄት በአየር ላይ ክብ ሲሠራ አናቱ ላይ 3,500 ጫማ መድረስ ሲገባው 2,700 ጫማ ላይ ወደ ታች ታጠፈና አውራ ጎዳና ላይ ወደቀ። 11 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ በመንገዳቸው የሚያልፉ ነበሩ።

«ታዲያ አይብረሩ ነው የምትለን?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። አላልኩም። የእንግሊዝ አየር ኃይል የብሪታንያ ውጊያ መታሰቢያ ቡድን ከእ.ኤ.አ. 1957 ጀምሮ ስፒትፋየርና ሃሪኬን ሲያበር ኖሯል። እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2024 አንድ ስፒትፋየር ወድቆ አብራሪው ሲሞት ቡድኑ በረራውን በሙሉ አቆመ። ለኖርማንዲ ዘመቻ 80ኛ ዓመት ክብረ በዓል የቀረው ከሁለት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ነበር። ለዚህ ቡድን ከዚያ የሚበልጥ ቀን የለም፤ የመጨረሻዎቹ አርበኞች በሕይወት ተቀምጠው የሚያዩበት ቀን ነበር። አልበረረም። እነዚያ ሰዎች ሲያቆሙ ሕዝቡ ምን ይለናል፣ ሽማግሌዎቹ ይቀየሙናል አላሉም። እኔ ከትርኢታቸው ሁሉ ያከበርኩላቸው ያን ቀን መቅረታቸውን ነው።

የራሳችንንም ነገር ላንሣ። ፀሐይ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አቃቂ ላይ የሠራት አውሮፕላን፣ ጣሊያኖች ወስደዋት ቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ስትቀመጥ ኖራ በጃንዋሪ 2024 ለአገሯ ተመልሳለች። የምንም ጦርነት ተዋጊ አይደለችም፤ ግን አንድ ናት፣ ሁለተኛ የላትም። ከመካከላችን «ሞተር ተገኝቶላት አንድ ቀን ብትበር» የሚሉ አሉ። ምኞቱ ይገባኛል። ይህን ሐሳብ ግን ከአፋችሁ አታውጡ፤ ምክንያቱም እኛ ካልነው የሚሰማን ይኖራል፣ ሰምቶም የሚሞክር አይጠፋም። ትቀመጥ። ልጆች ዞረው ይዩዋት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ወጣት ሳለን ሥራችን መጠርጠር ነበር። እኛ ያሰርነውን ሌላ እጅ ይፈትሸው ነበር፤ ሁለተኛ ፊርማ ካልተጨመረበት አውሮፕላኑ ከቦታው አይነቃነቅም። ያን ሥርዓት ራሳችን ለሌላው ስናስተምር ኖረን፣ ዛሬ ስናረጅ ለራሳችን ሲሆን ተውነው። ዐይናችን እንደ ድሮው አያይም፤ ጣታችን የብሎኑን መላላት እንደ ድሮው አይለይም። ይህን ለሐኪማችን እናምናለን፤ ለሃንጋሩ ግን አናምንም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ውስጡን ከፍታችሁ ላላያችሁት አውሮፕላን በቃልም በፊርማም አትመስክሩ። እናንተ የሠራችሁትን ራሳችሁ አትፈትሹ። የልጅ ልጆቻችሁን ከገመዱ አሳልፋችሁ ፎቶ ለማንሣት ብላችሁ ስማችሁንና ማዕረጋችሁን አትጥሩ፤ ያ ገመድ የተዘረጋበት ምክንያት አለ። አብራሪው ጓደኛችሁ ቢሆንም፣ ዕድሜው ከገፋ፣ ሰው ሳይሰማ ጎን ወስዳችሁ «ይበቃሃል» በሉት፤ ከእኛ ከእኩዮቹ በቀር ይህን ሊለው የሚችል የለም። ወጣቱ «አይበርም» ካለ ደግሞ ከጎኑ ቁሙ፤ ትኬት የቆረጠው ሕዝብ ቢያጉረመርምም ቁሙ። የፍተሻ ወረቀት ላይ ብቻውን የሰፈረ ስም ያላችሁ ካላችሁም፣ ከሚቀጥለው ትርኢት በፊት ሁለተኛ ስም ከጎኑ አስጽፉ፤ የወጣት ስም ይሁን፣ ሊጠረጥራችሁም ሙሉ መብት ስጡት።