የሩስያን ዘውድ ማን አወረደው?

የሩስያ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒቆላዎስ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጋቢት ወር 1917፣ ዙፋኑን የለቀቀበት ምክንያት ሲነገር የተራበ ሕዝብ ተነሥቶበት ነው ይባላል። ይህ ሐሰት አይደለም። በፔትሮግራድ ከተማ፣ ጎሕ ሳይቀድ በዳቦ ቤት ደጅ በብርድ የሚሰለፉ፣ ባሎቻቸውና ልጆቻቸው በጦር ሜዳ የቀሩባቸው ሴቶች መጋቢት 8 ቀን «ዳቦ!» እያሉ አደባባይ ወጡ፤ ፋብሪካው በሩን የዘጋባቸው የፑቲሎቭ ሠራተኞችም ተከተሉ፤ በአራተኛው ቀን ወታደሮች ተኩሰው ብዙ ደም አፈሰሱ፤ በማግሥቱ ግን ከተኮሱት መካከል የቮሊንስኪ ክፍለ ጦር ወታደሮች አዛዣቸውን ገድለው ከሕዝቡ ጋር ተሰለፉ።

ሆኖም ዙፋኑ የተናጋው በዚያ ሳምንት ነው ለማለት ልቤ አይፈቅድልኝም። በ1915 የጀርመንና የኦስትሪያ ጦር ሩስያን ከፖላንድ ባስወጣ ጊዜ፣ ጠብመንጃ ያልደረሰው ወታደር የወደቀ ጓደኛውን መሣሪያ ለማንሣት ተራ ሲጠብቅ፣ ኒቆላዎስ ጠቅላይ አዝማች የነበረውን ዘመዱን ታላቁን መስፍን ኒቆላይ ኒቆላዬቪችን ሽሮ አዝማችነቱን በራሱ ያዘ። ከሚኒስትሮቹ አብዛኞቹ ይህን እንዳያደርግ በጽሑፍ ለምነውት ነበር፤ አልሰማም። ከዚያ ወዲህ ሽንፈት ሁሉ የዘውዱ ሽንፈት ሆነ፤ እርሱ በሞጊሌቭ ጦር ሠፈር ተቀምጦ ሳለም መናገሻ ከተማው ፔትሮግራድ በእቴጌ አሌክሳንድራና በመካሪዋ በራስፑቲን ሐሜት ተሞላች።

ፍጻሜው የመጣው በፕስኮቭ ጣቢያ በቆመ ባቡር ውስጥ ነው። የጦሩ ኤታ ማዦር ጄኔራል አሌክሴዬቭ የየግንባሩን አዛዦች ምክር በቴሌግራም ጠይቆ ነበርና መልሶቻቸው መጋቢት 15 ቀን ለንጉሡ ተነበቡለት፤ ለእርሱ ሊሞቱ የማሉት ጄኔራሎች ዙፋኑን እንዲለቅ መከሩት፤ ያ ቀድሞ የተሻረው ታላቁ መስፍንም ተንበርክኬ እለምናለሁ ብሎ ይህንኑ ጻፈ። ኒቆላዎስም በዚያው ሌሊት ስለ ራሱና ደም በማያቆም ደዌ ስለሚሠቃየው ልጁ ስለ አሌክሲ ዙፋኑን ተወ፤ ወንድሙ ሚካኤልም በማግሥቱ ዘውዱን አልቀበልም አለ፤ ከ1613 ጀምሮ የነገሠው የሮማኖቭ ቤት በዚህ አበቃ።

ለዚህ ንጉሥ ጠበቃ አልቆምም፤ የሕዝብ እንደራሴዎች ደጋግመው ያቀረቡለትን ልመና በእልኸኝነት የገፋ እርሱ ራሱ ነው። የሚያሳዝነኝ የቤተ ክህነት ነገር ነው። በ1896 በሞስኮ የፍልሰታ ካቴድራል ቅብዐ ሜሮን ቀብታ ሥዩመ እግዚአብሔር ያለችው ቤተ ክርስቲያን፣ ፔትሮግራድ በታወከችበት ቀን ለዙፋኑ የሚቆም ቃል እንድታወጣ ስትጠየቅ ቅዱስ ሲኖዶሷ አልፈቀደም። ንጉሡ ቀድሞ ሲሳሳት በአባትነት ሥልጣን ሊገሥጸው ይችል ነበር፤ ይህንም ሳያደርግ ቆይቶ፣ ዘውዱ በወረደ በጥቂት ቀን ውስጥ በቅዳሴና በጸሎት ሁሉ የንጉሡ ስም ቀርቶ ስለ አዲሱ መንግሥት እንዲጸለይ አዘዘ።