መንገደኛና ገበታው

ፍኖተ ሰላም ማለት በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከተማዋም እንደ ስሟ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ማለዳ ተነሥቶ፥ በጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ ሸለቆ ወርዶ፥ በደጀን ወጥቶ፥ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን ያለፈ አውቶቡስ ወደ ባሕር ዳር ለመድረስ በርሷ ማለፍ፥ ከርሷም ቀጥሎ ቡሬን መሻገር አለበት። የምሳው ሰዓት የሚደርሰው በዚሁ አካባቢ ስለ ሆነ፥ መንገደኛው እንደ ሾፌሩ ፈቃድ ከነዚህ ከተሞች በአንዱ ወርዶ ይበላ ነበር። «ነበር» ማለታችን፥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ይህ መንገድ ደጋግሞ ሲዘጋና ሲከፈት የቆየ በመሆኑና፥ መንገደኛውም ከምሳው ይልቅ በሰላም ስለ መግባቱ እንዲያስብ ስለ ተገደደ ነው። እዚህ የምናነሣው ከዚያ በፊት የነበረውን ነው።

አንድ ማክሰኞ ቀን በዚሁ መንገድ ስጓዝ አውቶቡሳችን ከከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ ምግብ ቤት ግቢ ገባ። ረዳቱም «ሠላሳ ደቂቃ ብቻ!» ብሎ ጮኸ። ቦታው ከገበያው የራቀ ስለ ሆነ ሌላ ቤት ፈልጎ ለመብላት የሚበቃ ጊዜ አልነበረም። የቀረበልን እንጀራ የትናንት፥ ሽሮው ውሃው ለብቻ ዱቄቱ ለብቻ የቆመ ነበር፤ ዋጋው ግን በከተማው መካከል ከሚጠየቀው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። በውስጠኛው ክፍል ሾፌሩና ረዳቱ በሸክላ ላይ የሚንጫጫ ጥብስ ከጥሩ አዋዜ ጋራ ይበሉ ነበር። ሲጨርሱም እጃቸውን ታጥበው ወጡ እንጂ ሒሳብ የጠየቃቸው የለም።

እኔ ተቈጥቼ ባለቤቱን ልናገረው ስነሣ፥ ከጎኔ ተቀምጠው ከአገልግላቸው ዳቦ የሚቈርሱ አንዲት አሮጊት እጄን ያዝ አደረጉኝና፥ «ተው ልጄ፥ እርሱን ምን ትቈጣዋለህ? የርሱ እንግዳ ሾፌሩ ነው፤ አንተማ ሾፌሩ ያመጣህ ጭነት ነህ» አሉኝ። ከዳቧቸውም ቈርሰው ሰጡኝ። ያን ቀን የበላሁት ምሳ እርሱ ነው።

አሮጊቷ በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገሩትን ነገር ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ አግኝቼዋለሁ። ይኸውም ገበታውን የሚመርጠው አንድ ሰው፥ ከገበታው የሚበላው ሌላ ሰው በሚሆንበት ጊዜ፥ አገሩ ምንም ያህል ቢጠግብ ሳህኑ እየሳሳ የሚሄድ መሆኑ ነው። በዚያ ቀን የቀረበልን ነገር የምግብ እጥረት ያመጣው እንዳልሆነ አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። ጃቢ ጠህናን፥ ቡሬና ወምበርማ በቆሎና ጤፍ፥ ዳጉሳና ኑግ የሚታፈስባቸው ወረዳዎች ናቸው፤ የቡሬ በርበሬ ስሙ ከጎጃም አልፎ የሄደ ነው፤ ስለ ቅቤውና ስለ ማሩማ መናገር አያስፈልግም። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቋል፤ የእርሻን ውጤት ለማቀነባበር የተሠራው የኢንዱስትሪ ፓርክም በዚያው ነው። ሽሮ በዚህ አገር ውሃ የሚሆነው ሽሮ ጠፍቶ አይደለም።

ከመኪና መንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ የሚኖረው ባላገር ደግሞ መንገደኛን የሚቀበልበት ሌላ ሕግ አለው። መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ፥ አሳድሩኝ» ያለውን ሰው፥ ባለቤቱ «ቤት የእግዜር ነው፥ ግባ» ይለዋል። እግሩ ይታጠባል፤ ለቤተሰቡ የተሠራው ራት ይቀርብለታል፤ አባወራውም አብሮ ከአንድ መሶብ ይቈርሳል። ልብ ልንለው የሚገባን ይህን አብሮ መቊረሱን ነው። የባላገሩን ደግነት ማሞገስ የተለመደ ነው፥ ይገባዋልም፤ ነገር ግን የቤቱ ጌታ ከዚያው ወጥ ሊበላ እንደሆነ የምታውቅ እመቤት ለእንግዳው ብላ የቀጠነ ወጥ ለብቻ ልትሠራ አትችልም። ገበታውን የሚጠብቀው ደግነቱ ብቻ ሳይሆን አብሮ መብላቱም ነው።

አሁን ከዚህ ወደ አይሮፕላን ጣቢያ ብንሄድ አንባቢ አይደነቅ። ነገሩ አንድ ነውና። ዛሬ ከምዕራብ ጎጃም የወጣ ወጣት ሹም ለስብሰባ ወይም ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ይላካል፤ የቡሬም ነጋዴ ዕቃ ሊገዛ ወደ ዱባይ ይሄዳል። አንዳንድ ጊዜም ቲኬቱ የቢዝነስ ክላስ ይሆንና፥ ላውንጅ ወደሚባለው የክብር ማረፊያ ክፍል ይገባል። በነዚህ ክፍሎች የሚቀርበው ምግብ እየወረደ መሄዱን በየአገሩ የሚመላለሱ መንገደኞች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አጥብቀው ይናገራሉ።

የላውንጅ ታሪክ ከእግዜር እንግዳ ብዙም ሳይርቅ ነው የጀመረው ለማለት ይቻላል። አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው አየር መንገድ የመጀመሪያውን የዚህ ዐይነት ማረፊያ በኒው ዮርክ ላጋርዲያ ጣቢያ የከፈተው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1939 ሲሆን፥ በመጀመሪያው ዘመን የሚገባው ተጠርቶ ብቻ ነበር። ይህ አሠራር ብዙውን ሰው በር ላይ የሚያስቀር አድልዎ ስለ ነበረ መቅረቱ ይገባል። ነገር ግን ጋባዡ የጋበዘውን ሰው በስም ያውቀው ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ጣቢያ ላውንጁን የሚያካሂደው አየር መንገዱ ሳይሆን ሌላ ኩባንያ ነው፤ አየር መንገዱም ወይም የክሬዲት ካርዱ ባንክ በገባው ሰው ቊጥር፥ በአንድ ራስ ይህን ያህል ብሎ ይከፍለዋል። መንገደኛው በበሩ ሲያልፍ ወረቀቱ በመሣሪያ ይነበባል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሒሳቡ ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ የሚበላው እያንዳንዱ እንቊላል ለባለቤቱ ወጪ እንጂ ገቢ አይደለም። እንግዲህ ጥሩ እንቊላል ለምን ያቀርባል?

ተቋራጩ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ጨረታውን ያሸንፋል፤ ያጐደለውን ደግሞ ከሳህኑ ላይ ይሞላዋል። የአሜሪካን ኤርላይንስ ዋና ሹም የነበሩት ሮበርት ክራንዶል በ1980ዎቹ ከእያንዳንዱ ተሳፋሪ ሰላጣ አንዲት የወይራ ፍሬ ብቻ አስቀርተው በዓመት 40,000 ዶላር ያህል አተረፉ እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። አንዲት ፍሬ ስትጐድል ማንም አያውቅም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ትጐድላለች። በ2020 በኮሮና ምክንያት ብዙ ላውንጆች የሞቀውን ገበታ አንሥተው የታሸገ ምግብ ማደል ጀመሩ። ካርድ የያዘውም ሰው ስለ በዛ ክፍሎቹ እንደ ቅዳሜ ገበያ ሞሉ። በ2023 ዴልታ የተባለው አየር መንገድ የመግቢያውን ሕግ ሲያጠብቅ ተሳፋሪዎቹ ክፉኛ ተቈጡ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም ከመጠን ማለፋቸውን አምነው አንዳንዱን አላልተውታል።

በሰማይ ላይ ለሚቀርብ ምግብ ጥቂት ይቅርታ ይደረግለታል። በአይሮፕላን ውስጥ አየሩ ስለሚደርቅና ግፊቱ ስለሚቀንስ የጨውና የስኳር ጣዕም በምላስ ላይ ይደክማል። ላውንጅ ግን በምድር ላይ ነው፤ ማድቤቱም፥ ውሃውም፥ ገበያውም በአጠገቡ ነው። ምክንያት የለውም።

እኔም አንድ ጊዜ በመሥሪያ ቤት ቲኬት በውጭ አገር ከነዚህ ክፍሎች ወደ አንዱ ገብቼ ነበር። ወንበሩ የሚያስተኛ ቆዳ ነው። የቀረበው ግን ጠርዙ የደረቀ ዳቦ፥ ከዱቄት የተበጠበጠ እንቊላል፥ «ማር» የሚል የተጻፈበት ትንሽ የላስቲክ ዕቃ ሆኖ አገኘሁት። የማር አገር ሰው ስለ ሆንሁ ቀመስሁት፤ ንብ ያየው አይመስልም። በፍኖተ ሰላም መንገድ ላይ ስለ ሽሮ የተነሣሁት ሰው በዚህኛው ቦታ ዝም ብዬ በላሁ። ለምን ዝም እንዳልሁ በኋላ ሳስበው፥ ገንዘቡን ከኪሴ ያላወጣሁት በመሆኑ ነው። የከፈለው መሥሪያ ቤቴ አልቀመሰም፤ የቀመስሁት እኔ አልከፈልሁም። ከከፋዩና ከበዩ መካከል ያለውን ክፍተት ሻጩ ዐውቆ ገብቶበታል።

«ሕዝብ ዕለታዊ እንጀራውን ሲፈልግ የቢዝነስ ክላስ ቊርስ ማነስ ምን ያሳስባል?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ማንም ለላውንጅ እንቊላል ያለቅስ ዘንድ አንጠይቅም። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ ከኪሳቸው ሳይሆን ከመንግሥት ወይም ከድርጅት ገንዘብ የከፈሉ ናቸው፤ የወረደው ምግብም በዚያው በላቀው ዋጋ የተገዛ ነው። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ይኸው አሠራር የተማሪዎችን ካፊቴሪያ፥ የሆስፒታልን ማድቤት፥ የአውቶቡስ መንገደኛንም ምሳ ይዞታል። በፍኖተ ሰላም የመምህራን ኮሌጅ የሚማረውም ሆነ በሌላ ስፍራ ያለው ተማሪ ነገ ኮንትራት የሚፈርም ሹም ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በጨረታው ቀን የሚቀርብለት ናሙና ለሾፌሩ እንደ ቀረበው ጥብስ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል። ናሙናው ሁልጊዜ ይጣፍጣል፤ የተሠራው ለርሱ ነውና። መቅመስ ያለበት ውሉ ከተፈረመ ከስድስት ወር በኋላ፥ ሳይነገር ገብቶ፥ ሳህኑን ይዞ ተራ ቆሞ የሚያገኘውን ነው። ክፍያውንም ከዚያ ጋራ ማያያዝ ይችላል።

በአገራችን ቦሌ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ «ክላውድ ናይን» በሚለው ላውንጁ እንጀራ ከወጥ ጋራ፥ ቡናም በጀበና ማቅረቡ የሚያስመሰግነው ነው፤ ሌላው ዓለም ያንኑ አንድ ዐይነት የደረቀ ዳቦ ሲያቀርብ እኛ የራሳችን ገበታ አለን። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የመንገደኞች ማስተናገጃው እጅግ ከሰፋ ወዲህ የሚመላለሰው ሕዝብ በዝቷል። ሳሎን ሲሰፋ ድስቱ አብሮ ካልሰፋ ወጡ ላይ ውሃ መጨመር የት አገር እንደ ተለመደ ከላይ አይተናል። ሹሞቹ በየጊዜው ከዚያው ገበታ ተሰልፈው ቢበሉ፥ እንጀራውንም የራሳቸው ምሳ ቢያደርጉት፥ ብዙ የመቈጣጠሪያ ቅጽ ከመሙላት ይሻላቸው ነበር።

የአውቶቡሱ ነገር ከዚህም የቀለለ ነው። ሾፌሩ የሚያቆምበት ቦታ ሦስት አራት ምግብ ቤቶች ጎን ለጎን ያሉበት ቢሆንና፥ መንገደኛው በእግሩ ሄዶ ቢመርጥ፥ ለሾፌሩ በነጻ የሚቀርበው ጥብስ ዋጋውን በከፊል ያጣል። ደንብ ከማውጣት ይልቅ የመኪናውን ማቆሚያ ቦታ መለወጥ ይበቃል።

ይህ ሐሳብ ከንድፈ ሐሳብ የመጣ አይደለም፤ ቡሬ ላይ ያየሁት ነው። ቡሬ መንገድ የሚከፈልባት ከተማ ናት፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል፥ ሌላው ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወርዳል። ስለዚህ የጭነት መኪና ሾፌሮች ይበዙባታል። እነዚህ ሰዎች ከአውቶቡስ ሾፌር የሚለዩት፥ የሚያመጡት ተሳፋሪ ስለሌላቸው በነጻ የሚያበላቸው አለመኖሩ ነው። ከአበላቸው ይከፍላሉ፤ በሳምንቱም ይመለሳሉ። በመንገዱ ዳር በቆርቆሮ የተሠራች፥ ስም እንኳ ያልተጻፈባት ምግብ ቤት ውስጥ ከነርሱ ጋራ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። በርበሬው ያው የአገሩ በርበሬ፥ ጤፉም ያው ነው። ሽሮው ግን እየተንተከተከ መጣ፤ እንጀራውም የዕለቱ ነበር፤ ዋጋውም ያንሳል። ባለቤቷ ጥብቆዋን በመቀነት አስራ ከማድቤት ወጣችና፥ ከጎኔ ያለውን ሾፌር ገና ሳይጐርስ «ባለፈው ሳምንት ያስቀረኸው ለምን ነበር? ጨው በዝቶበት ነው?» አለችው። እርሱም አፉን ጠርጎ፥ «አይ እመቤት፥ ያን ቀን ራሴን አሞኝ ነው» አላት። እርሷ ግን አላመነችውም፤ ከድስቱ በጭልፋ ቀድታ ራሷ ቀመሰች።