ዶቃ ሁሉ ያው ዶቃ ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሰሞኑን ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት መስጂድ ጥግ ቁጭ ብሎ ዶቃ ሲቆጥር አየሁት። ጠጋ ስል ጫፉ ላይ መስቀል አለ፤ የካቶሊኮች መቁጠሪያ ነው። "የግቢ ጓደኛዬ ነው ያስተማረኝ። ቀልብ ያረጋጋል። እኔ እኮ የምልበት ሱብሓነላህ ነው፤ ዶቃ ሁሉ ያው ዶቃ አይደል ኡስታዝ?" አለኝ።

አይደለም ወንድሜ!

ያ መቁጠሪያ ዝም ብሎ የተሰካ ዶቃ አይደለም። መስቀሉን ይዘው የእምነታቸውን ቃል ይደግማሉ። ለብቻው በተቀመጠው ዶቃ "አባታችን ሆይ" ይላሉ። ከዚያ አምስት ጊዜ አስር አስር ዶቃ አለ፤ በእያንዳንዱ መርየምን ሰላም ብለው እንድትለምንላቸው ይጠይቋታል። እግረ መንገዳቸውንም ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) እና ስለ እናቱ እነሱ የሚያምኑትን ያስተነትናሉ፤ ስቅለቱም እዚያ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጳጳሳቸው ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ አምስት ማስተንተኛ ጨምረውበታል። ይህ እኮ በክር የተሰካ የዐቂዳ ኪታብ ነው!

መርየምን (ዐ.ሰ) እኛም እናከብራታለን፤ በስሟ የተሰየመ ሱራ አለን። ዱዓችን ግን ወደ አላህ (ሱ.ወ) ብቻ ነው። ደግሞስ የሰውን ዒባዳ ትርጉሙን አራግፎ መቁጠሪያ ብቻ ማድረግ ጎረቤትን ማክበር ነው? ካቶሊኩ ጓደኛህ ራሱ ይህን አይወድልህም።

"የአባቶቻችን ሙስበሃስ?" የሚል አይጠፋም። ሙስበሃ መቁጠሪያ ብቻ ነው፤ ቢጠፋ ከዚክሩ የሚጎድል የለም። በጠጠር ወይም በፍሬ ስትቆጥር ስለተገኘች ሴት አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲስ አለ፤ በሰነዱ ላይ ዑለማዎች ተነጋግረዋል። ኢማም ሱዩጢ ስለ ሙስበሃ ራሱን የቻለ ሪሳላ ጽፈዋል። በላጩ ግን ጣት ነው፤ ጣቶች ተጠይቀው እንደሚናገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ስለዚህ ያባትህን ሙስበሃ "የክርስቲያን ነው" እያልክ አትንጠቅ፤ መስቀል ያለበትንም "ያው ነው" እያልክ አታንሳ።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ያ ልጅ ለምን እዚያ ሄደ? ጓደኛው አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል አስረድቶ ስላስተማረው ነው። እኛስ? ከተስሊም በኋላ 33፣ 33፣ 34 ብለን ምላሳችን ሳይደርቅ ጫማ ፍለጋ ነው። ሱብሓነላህ ማለት አላህን ከጉድለት ሁሉ ማጥራት እንደሆነ ለስንቱ ወጣት ነገርነው? እኔ ራሴ የኢማሙ ረዳት ሆኜ ማይክ ሳስተካክል፣ መዋጮ ሳስታውስ ነው የማመሸው። ያ ልጅ ስንት ጁሙዓ ከፊቴ አልፏል! ቀልብ በምን እንደሚረጋ ሱረቱ ረዕድ 28ኛው አንቀጽ ላይ እያለልን ልጆቻችን መረጋጋትን ከሌላ ሰፈር ሲለምኑ ጥፋቱ የነሱ ብቻ አይደለም።

መቁጠሪያውን አልቀማሁትም። "ለጓደኛህ በክብር መልስለት" አልኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀኝ እጁን ዘረጋ። እያንዳንዱን ቃል ትርጉሙን እያሰብን በዝግታ አልን። ስንጨርስ ሰዓቱን አየሁ፤ አስር ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ዛሬ ከሶላት በኋላ ያቺን አስር ደቂቃ ቁጭ በሉ። ኡስታዞች ደግሞ አብረናቸው እንቀመጥ።

ወላሁ አዕለም።