ውርጭ የሚበረታው ብርዱ ሲበረታ ነውን?

በፍሪጅ የበረዶ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚጋገረውን ውርጭ አብዛኞቻችን አይተናል። በቀዝቃዛ አገሮች የኤሌክትሪክ መኪናን የሚፈታተነውም ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ኖርዌይ ውስጥ ከተሸጡት አዳዲስ የቤት መኪናዎች ከ80 በመቶ የሚበልጡት የኤሌክትሪክ ነበሩ። ብዙዎቹ የሚሞቁት በሙቀት ፓምፕ ነው። ይህ መሣሪያ ከውጭው አየር ሙቀት እየቀዳ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ በመጠነኛ ብርድም ለ1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ሙቀት ሊሰጥ ይችላል።

ብቃቱን ብዙዎች የሚመዝኑት «እስከ ስንት ዲግሪ ይሠራል?» በሚል ጥያቄ ብቻ ነው። በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ግማሹን እውነት ይሸፍናል።

ሙቀት ለመቅዳት የውጭው ሙቀት ተቀባይ ክፍል ከአየሩ የበለጠ መቀዝቀዝ አለበት። ገጹ ከዜሮ በታች ሲወርድ በአየሩ ያለው ተን ውርጭ ሆኖ ይጋገርበታል፤ የአየሩንም መተላለፊያ ይዘጋል። ይሁን እንጂ 1 ሜትር ኩብ አየር በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ 5 ግራም ገደማ ተን ሲይዝ፣ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ የሚይዘው 1 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ውርጭ ይበልጥ የሚያስቸግረው እጅግ በሚቀዘቅዘው በካራሾክ ሳይሆን፣ የብርድ ወራቱ ዝናባማና ለዜሮ ቅርብ በሆነው በበርገን ነው።

እርግጥ ነው፣ በከባድ ብርድም የፓምፑ ብቃት ይቀንሳል። ውርጩን ለማቅለጥ ግን መሣሪያው ዑደቱን ገልብጦ ሙቀትን ወደ ውጭ ይልካል፤ ይህም የባትሪውን ጉልበት ይወስዳል፤ መኪናው የሚጓዘውን ርቀትም ያሳጥራል።

በመሆኑም የመኪና ፍተሻ በእርጥብ አየርና በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ጭምር ሊካሄድ፣ ለማቅለጥ የሚወጣውም ጉልበት ተለክቶ ለገዢው ሊገለጽ ይገባል። ቴርሞሜትር ብቻውን የአየሩን ጠባይ አይናገርምና።