አሠራር የማያይ አስተማሪ

በብዙ የአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች በራስ ፍጥነት የሚወሰድ የኮምፒውተር ሒሳብ የተለመደ ነገር ሆኖ ቆይቷል። አዲስ ተማሪ ሲመዘገብ ብዙ ጊዜ የመመደቢያ ፈተና ይወስዳል፤ ውጤቱ ዝቅ ካለ፣ ለዲግሪ ወደሚቆጠረው ሒሳብ ከመግባቱ በፊት የማካካሻ ትምህርት ይታዘዝለታል። በብዙ ቦታ ይህን ትምህርት ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚሰጥ መምህር የለም። ተማሪው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ አጭር ቪዲዮ ያያል፣ የተሠራ ምሳሌ ያነባል፣ ቁጥሩ ብቻ የተለወጠ ጥያቄ ይሠራል፣ መልሱን ይጽፋል። ሶፍትዌሩ ወዲያው ያርመዋል። የሞጁሉን ፈተና በተወሰነው ነጥብ ካለፈ ቀጣዩ ይከፈትለታል፤ ካላለፈ ይደግማል። ፈጣኑ ሌላውን ሳይጠብቅ ይሄዳል፣ ዘገምተኛው ሳያፍር ጊዜውን ይወስዳል ይባላል።

ሐሳቡ ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ተቀባይነት ያገኘውም ለዚህ ነው። ነገር ግን በሒሳብ የደከመ ተማሪ የጎደለው ጊዜ ብቻ ነው ከሚል የተሳሳተ ግምት ይነሳል። ከብዙዎቹ ድክመት ጀርባ ያለው ለዓመታት ሳይታይ የቆየ የተጣመመ አስተሳሰብ ነው። የተጣመመ አስተሳሰብ ደግሞ መልስ ላይ አይታይም፤ የሚታየው አሠራር ላይ ነው። መልስ ብቻ የሚያርም ማሽን ይህን ተማሪ ሊፈትነው ይችላል፤ ሊያስተምረው ግን አይችልም።

ሐሳቡ ከኮምፒውተሩ ይቀድማል። የሥነ ልቦና ሊቁ ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ትምህርቱን በጥቃቅን እርምጃ ከፍሎ ለእያንዳንዱ መልስ ወዲያው ምላሽ የሚሰጥ የማስተማሪያ ማሽን አስተዋወቀ። ባልደረባው ፍሬድ ኬለር በ1964 በብራዚሊያ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ ሙከራ ተነሥቶ በ1968 ያሳተመው ሥርዓት ደግሞ ዛሬ ኮሌጆቹ የሚሠሩበትን መልክ ሰጠው፦ ተማሪው በራሱ ፍጥነት ይሂድ፣ አንዱን ክፍል በሚገባ ሳያውቅ ወደ ሌላው አይለፍ። ኬለር ግን አንድ ሌላ ነገር ጨምሯል። እያንዳንዱ ፈተና እንዳለቀ ትምህርቱን ቀድሞ በሚገባ የተማረ ረዳት ከተማሪው ጋር ተቀምጦ ያርማል፣ ለምን እንደዚያ እንደመለሰ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ያስረዳል። ይህ ረዳት ከሥርዓቱ ምሰሶዎች አንዱ ነበር። በ1970ዎቹ የተካሄዱ ብዙ ጥናቶች ለኬለር ዘዴ ጥሩ ውጤት መዝግበዋል። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ከዘዴው የተወሰደው ፍጥነቱና ፈተናው ነው፤ ብዙ ወጪ የሚጠይቀው የሰው ረዳት እየሳሳ ሄደ። ሌላው ቢቀር የዛሬው አሠራር በኬለር ስም የሚኮራበት ምክንያት የለውም።

ኮምፒውተሩን በሰፊው ያስገባው ቨርጂኒያ ቴክ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1997 በብላክስበርግ ከተማ ቀድሞ መደብር በነበረ ሰፊ አዳራሽ ከ500 በላይ ኮምፒውተሮች ደርድሮ «ማት ኢምፖሪየም» የተባለውን ማዕከል ከፈተ። እርዳታ የፈለገ ተማሪ ቀይ ኩባያ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል፤ በአዳራሹ የሚዘዋወር ረዳት ያየውና ይመጣል። ዘዴውን በመላ አገሪቱ ያስተዋወቀችው፣ በ1999 የተቋቋመውንና የኮሌጅ ኮርሶችን በቴክኖሎጂ መልሶ ማዋቀር ዓላማው ያደረገውን ማዕከል የመራችው ካሮል ትዊግ ናት። ትዊግ በ2011 ባሳተመችው ጽሑፍ ኢምፖሪየምን ለከፍተኛ ትምህርት እንደ ፍቱን መድኃኒት አቅርባዋለች። ከዓላማዎቹ አንዱ ወጪ መቀነስ መሆኑም አልተደበቀም፦ አንድ መምህርና ጥቂት ረዳቶች በአንድ አዳራሽ ብዙ ተማሪ ይይዛሉ።

መድኃኒቱ የተሞከረበት ሕመምተኛና በኋላ የታዘዘለት ሕመምተኛ ግን የተለያዩ ናቸው። ቨርጂኒያ ቴክ ተማሪዎቹን አወዳድሮ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሩን ለሁሉም ይከፍታል፤ ከሥራ ፈረቃ መጥቶ የሚማረውን፣ ልጅ የሚያሳድገውን፣ እንግሊዝኛን ገና የሚለምደውን፣ ከትምህርት ቤት ከወጣ አሥርና ሃያ ዓመት የሆነውን ሁሉ ይቀበላል። ሆኖም የቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ሥርዓት በ2012 የማካካሻ ሒሳቡን ባለ አንድ ክሬዲት ዘጠኝ ሞጁሎች አድርጎ ከፋፈለው፤ ብዙዎቹም በኮምፒውተር የሚሰጡ ሆኑ። በአሌክሳንድሪያና በአካባቢዋ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚማሩበት የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም የዚሁ ሥርዓት አካል ነው። በአማርኛ ሒሳብ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ለቀጠለ፣ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ መሥራትንና መምህር ቆሞ ሲያርም ማየትን ለለመደ ሰው፣ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ቪዲዮና በስክሪን የሚነበብ ማብራሪያ ሁለት ፈተና ነው፦ አንዱ የሒሳቡ፣ ሌላው የቋንቋው።

መልስን ብቻ የማረም አደጋ ምን ያህል እንደሆነ ከኮምፒውተሩ ዘመን በፊት ታይቷል። ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ ባዘጋጀው በግል ፍጥነት የሚሄድ የሒሳብ ፕሮግራም የሚማር የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ተመራማሪው ስታንሊ ኤርልዋንገር በ1973 ባሳተመው ጥናት ቤኒ ብሎ ሰይሞታል። ቤኒ ፈተናዎቹን እያለፈ ከብዙ ጓደኞቹ ቀድሞ ሄዷል፤ መምህሩም ከጎበዞቹ ትቆጥረው ነበር። ኤርልዋንገር አጠገቡ ተቀምጦ አሠራሩን ሲጠይቀው ግን ሌላ ነገር ወጣ። ቤኒ 2/10ን ወደ ዴሲማል ሲቀይር የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር ደምሮ 1.2 ይላል። 0.3 እና 0.4 ሲደመሩ ደግሞ 0.07 ይሆናሉ ብሎ ያምናል። አራሚዎቹ የመልስ ቁልፍ ብቻ ይዘው ስለሚያርሙ፣ እኩል የሆነ መልስ በሌላ መልክ ሲጻፍ ስህተት ይባል ነበር። ከዚህ የተነሣ ቤኒ ሒሳብ ማለት አንድ ሰው ያወጣቸው ብዙ ሕጎች ስብስብ ነው፣ ምክንያት የለውም ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። ሥርዓቱ ይህን ሁሉ አላየም፤ ያየው ያለፈ ፈተና ብቻ ነበር።

የዛሬው ሶፍትዌር ከወረቀቱ ፕሮግራም እጅግ ይራቀቃል። ለምሳሌ አሌክስ የተባለው ፕሮግራም ዣን-ፖል ዱዋኞንና ዣን-ክሎድ ፋልማኝ በ1985 ባቀረቡት የእውቀት መስክ ንድፈ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ፣ ተማሪው የትኞቹን የጥያቄ ዓይነቶች እንደሚችልና ቀጥሎ ለየትኞቹ ዝግጁ እንደሆነ ይገምታል። አብዛኛውን መልስም በምርጫ ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበላል። ይህ እውነተኛ ብልሃት ነው። ግን እውቀትን የሚቆጥረው በሚሠሩ የጥያቄ ዓይነቶች ነው፤ ተማሪው ለምን እንደሠራው አይቆጥርም። 16/64ን እንዲያቃልል የተጠየቀ ተማሪ ከላይና ከታች ያለውን 6 ሰርዞ 1/4 ብሎ ቢጽፍ መልሱ ትክክል ነው፤ መልስ የሚያርም ማሽን ሙሉ ነጥብ ይሰጠዋል። በዚያው አሠራር 13/36 ላይ 3ን ሰርዞ 1/6 ሲጽፍ ማሽኑ ስህተት ይለዋል፤ ተማሪው ግን አሁን የተሳሳተው ቀደም ብሎ በተሸለመበት አሠራር መሆኑን አያውቅም። ወረቀቱን የሚያይ መምህር የመጀመሪያውን ስረዛ ሲያይ ያስቆመዋል።

በዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ለተማሪው የሚሰጠው እርዳታ ራሱ ሽምደዳን ያበረታታል። የተሠራው ምሳሌ አንድ ጠቅታ ቀርቦ ይጠብቃል፤ ቀጣዩ ጥያቄ ቁጥሩ የተቀየረ ያው ጥያቄ ነው። ተማሪው ቁጥሮቹን በየቦታቸው እየተካ ሞጁሉን መጨረስ እንደሚችል ለማወቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ሞጁሉ ከተዘጋ በኋላ የተማረው ነገር የት እንደሚገባ፣ ከቀጣዩ ጋር በምን እንደሚያያዝ የሚነግረው የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ ያለፈው ክፍል ከሁለት ሞጁል በኋላ ይፈታበታል።

«በራስ ፍጥነት» የሚለው ቃል ኪዳንም እንደተባለው አይፈጸምም። ሴሚስተሩ የሚያበቃበት ቀን አለ፤ የገንዘብ እርዳታ ለመቀጠል በቂ ክሬዲት መጨረስ ግዴታ ነው፤ የሶፍትዌሩ የመግቢያ ኮድ ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ የተማሪው ነፃነት በመሐል ባሉት ሳምንታት ብቻ የተወሰነ ነው፤ እነዚያን ሳምንታት ደግሞ ሥራና ቤተሰብ ይሻሙበታል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጠብቀው ክፍል፣ ሲቀር የሚጠይቀው መምህር፣ አብሮት የሚያጠና ጓደኛ የሌለው ሰው ትምህርቱን ለነገ ያሳድራል። ማሳደሩ የስንፍና ምልክት ሆኖ ይቆጠርበታል፤ በኬለር ዘዴም ዘመን ግን ይኸው ዘዴው የሚታወቅበት ችግር ነበር። ያለ ክፍል ድጋፍ መማር ምን እንደሚያስከትል ከኦንላይን ኮርሶች ማየት ይቻላል። ተመራማሪዎቹ ዲ ሹ እና ሻና ጃጋርስ በዋሽንግተን ግዛት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከ40,000 በላይ ተማሪዎች በወሰዷቸው ኮርሶች ላይ አድርገው በ2014 ያሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች በኦንላይን ኮርሶች የሚያገኙት ውጤት በአካል ከሚሰጡት ዝቅ እንደሚል፣ ልዩነቱም በወንዶች፣ በጥቁር ተማሪዎችና ቀድሞም ነጥባቸው ዝቅተኛ በሆኑት ላይ እንደሚሰፋ አሳይቷል። በራስ ፍጥነት መማር ይረዳቸዋል የተባሉት ዓይነት ተማሪዎች ናቸው የተጎዱት።

መከፋፈሉም የራሱ ጉዳት አለው። ቶማስ ቤይሊና ባልደረቦቹ በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ ማካካሻ ሒሳብ ከተላኩት ተማሪዎች የታዘዘላቸውን ሁሉ የጨረሱት ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ወድቀው ወይም አቋርጠው ከወጡት ይልቅ ለመጀመሪያው ወይም ለቀጣዩ ኮርስ ሳይመዘገቡ የቀሩት ይበዙ ነበር። በአንዱና በሌላው ኮርስ መካከል ያለው ክፍተት መውጫ በር ሆኖ ነበር ማለት ነው። ሦስት ኮርስ ዘጠኝ ሞጁል ሲሆን በሩ ይበዛል።

ለዘዴው ጥብቅና የሚቆሙ ሰዎች የማለፍ መጠን ጨመረ የሚሉ የኮሌጆች ሪፖርቶችን ይጠቅሳሉ። አብዛኞቹ ኮሌጆቹ ራሳቸው ያቀረቧቸው የበፊትና የኋላ ንጽጽሮች ናቸው፤ ኮርሱ ሲቀየር ፈተናውና የነጥብ አሰጣጡም አብረው ስለሚቀየሩ ብዙ አያስረዱም። ጥብቅ ሙከራ የተደረገው በቴክሳስ ታራንት ካውንቲ ኮሌጅ ነው። እዚያ 1,403 ተማሪዎች በዕጣ ተከፍለው አንዱ ወገን በሞጁል የተከፋፈለና በራስ ፍጥነት የሚሄድ የኮምፒውተር ሒሳብ፣ ሌላው የተለመደውን ክፍል ወሰደ። በ2019 የታተመው ውጤት፣ አዲሱ ዘዴ የማካካሻ ሒሳቡን በማስጨረስ ከተለመደው እንደሚሻል ማስረጃ አላገኘም። በኮምፒውተሩ ክፍል መምህርና ረዳቶች እያሉ የተገኘ ውጤት ይህ ነው። የባሰ አላደረገምና ምን አለበት የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን የተለመደው ክፍል ብዙ ተማሪ ስለሚያስቀር ነው መድኃኒት የተፈለገው፤ እኩል የሚያስቀር መድኃኒት አልፈወሰም።

ተማሪው ብቻውን በሚማርባቸው የኦንላይን ኮርሶችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2013 የኦንላይን ትምህርት ከሚያቀርበው ዩዳሲቲ ኩባንያ ጋር የሰጣቸው ሦስት የኦንላይን ኮርሶች፣ የማካካሻ ሒሳብ፣ አልጀብራና ስታትስቲክስ፣ የማለፍ መጠናቸው በግቢው ከሚሰጡት አቻዎቻቸው በታች ሆኖ ሽርክናው በዚያው ዓመት ለጊዜው ቆመ። በክረምቱ ዙር ውጤቱ ከፍ ሲል ደግሞ ከተመዝጋቢዎቹ ብዙዎቹ አስቀድመው ዲግሪ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ብቻውን መማርን አስቀድሞ የተማረ ሰው በዚህ ዘዴ ይጠቀማል፤ የማካካሻ ክፍል ግን የሚከፈተው ለሌላው ነው።

የተሻለ መንገድ መኖሩም ታውቋል። በኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባሉ ሦስት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች በ2013 በተደረገ ሙከራ፣ ማካካሻ አልጀብራ የታዘዘላቸው 907 ተማሪዎች በዕጣ ተመደቡ። በተለመደው የአልጀብራ ክፍል የገቡት 39 በመቶ አለፉ። በቀጥታ ለዲግሪ የሚቆጠር ስታትስቲክስ ገብተው በየሳምንቱ የአስጠኚ ክፍለ ጊዜ የተጨመረላቸው ግን 56 በመቶ አለፉ፤ ያውም ትምህርቱ ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ። ካሊፎርኒያ በ2017 ባወጣችው ሕግ ኮሌጆች ተማሪን ወደ ማካካሻ ኮርስ ከመላክ እንዲቆጠቡ አድርጋለች፤ የቨርጂኒያ ሥርዓትም ዘጠኙን ሞጁሎች ትቶ ተማሪን በቀጥታ ለዲግሪ በሚቆጠረው ኮርስ ወደሚያስመዘግብ አሠራር ዞሯል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኮምፒውተሩን ከሒሳብ ክፍል ማስወጣት አያስፈልግም። ሳይሰለች ልምምድ ለማቅረብ፣ ስሌትን ወዲያው ለማረም፣ ያመለጠ ትምህርትን ለመድገም ከእሱ የሚሻል የለም። ብቸኛ አስተማሪ ግን መሆን የለበትም። ተማሪው ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ አሠራሩን በወረቀት ጽፎ ለሰው ማሳየት፣ ለምን እንደዚያ እንደሠራ መጠየቅና መከራከር አለበት፤ የሚሰበሰብበት ቋሚ ክፍለ ጊዜና በየሳምንቱ የሚያስረክበው ሥራ ያስፈልገዋል። እነዚህ ወጪ አላቸው፤ ኮሌጆችም ወደ አዳራሹ የሄዱት ይህን ወጪ ለመሸሽ ነው። ወጪው ግን አይጠፋም፤ መምህሩ ሲቀር ተማሪው ኮድ በመግዛት፣ ሞጁል በመድገምና ትምህርቱን ጥሎ በመውጣት ይከፍለዋል። ኮሌጅ ዘዴውን ሲመዝን ለአንድ ተማሪ ስንት አወጣሁ ከሚለው ይልቅ፣ ከመደባቸው ተማሪዎች ስንቱ ለዲግሪ የሚቆጠረውን ሒሳብ አለፈ የሚለውን ይቁጠር።