ዳኛ ሲገኝ ብቻ ነውን?



ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ ከሚሳፈሩት መንገደኞች አንዳንዶቹ ከሻንጣቸው ይልቅ የሚጠነቀቁት ለመዝገባቸው ነው፤ ወደ ሰበር ችሎት አቤት ሊሉ የሚሄዱ ናቸው። የቲኬት ገንዘብ ያጣ በአውቶቡስ ይጓዛል፤ ያንንም ያጣ ፍርዱን ይዞ ይቀመጣል። ይሁን እንጂ የምጽፈው ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለ እምነቱ ነው። ብዙ ሰው የሚሄደው «ሕጉ እንዲህ ይላል» ብሎ ሳይሆን «ምናልባት እዚያ ደኅና ዳኛ ባገኝ» ብሎ ነውና።

አባቶቻችን «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላሉ። በባሮ ዳር ላደግን ልጆች የተረቱ ፊተኛ ክፍል ግልጥ ነው፤ ወንዙ በክረምት ሲሞላ ማንም ደፍሮ አይገባበትም። ኋለኛው ክፍል ግን ያስፈራኛል። ዳኛ እንደ ወንዝ በየወራቱ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ በክፉው ዘመን የተበደለ ሰው ምን ያድርግ?

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዳኞች ከሕግ በቀር ለሌላ ሥልጣን እንዳይገዙ ደንግጎ ነበር፤ ዳሩ ግን የመጨረሻው አቤቱታ የሚደርሰው ወደ ዙፋን ችሎት ነበር። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ አዲስ ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ጉባኤ ተቋቋመ፤ የባለሥልጣኖችን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽንም ተሠየመ። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይፈጽም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣኖችንና መኮንኖችን ያለ ፍርድ ገደለ። ከእነርሱ ማን በደለኛ፣ ማን ንጹሕ እንደ ነበረ በምን እናውቃለን? ያልተሰማ ክርክር ለሟቹም ለከሳሹም አይጠቅምም።

በእኛም ከተማ ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. የሆነው ይታወቃል። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የተመራው አጣሪ ኮሚሽን የሞቱት 65 ናቸው አለ፤ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ከ400 በላይ የሚል ቁጥር ጠቀሱ። ሁለቱ ቁጥሮች ሳይታረቁ ቀሩ። ዳኛውን ከወንበሩ አንሥቶ የኮሚሽን ሰብሳቢ ማድረግ፣ በእኔ አስተያየት፣ ለኮሚሽኑ እምነት ሳይጨምር ከፍርድ ቤቱ እምነት ይቀንሳል።

በ2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ «ዳኛ ተገኘ» ተባለ። በእርሳቸው ዘመን ስለ ዳኝነት አስተዳደርና ስለ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1233/2013 እና 1234/2013 ወጡ። በ2015 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን ለቀቁ። አዋጆቹ አሉ፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን የአዋጅ ቁጥር ያላነበበ የገጠር ባለጉዳይ ፍርድ ቤቱን የሚመዝነው ችሎት ገብቶ በሰማው ነገር ነው።

ስለዚህ እኔ የምለው ከቋንቋ ይጀመር ነው። የክልላችን የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው ክርክሩን በማያውቀው ቋንቋ ሲሰማ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይሰጠዋል። የከብት ወይም የእርሻ ክርክር ስላላቸው ሰዎች ግን ይህ አንቀጽ አይናገርም። «ተፈረደብህ» የሚለውን ሰምቶ ምክንያቱን ያልሰማ ሽማግሌ ጉቦ ተበልቷል ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። አኙዋና አማርኛ፣ ኑዌርና አማርኛ አጣርተው የሚናገሩ ተማሪዎች በየዓመቱ ትምህርታቸውን ይጨርሳሉ፤ ከእነርሱ መካከል ጥቂቶቹ የሕግ ቃል ተምረው፣ መሐላ ፈጽመው፣ በደመወዝ በየችሎቱ ቢቀመጡ ወጪው ምን ያህል ይሆናል?